ምክንያቱ የተራገፈ ኩርፊያ

ወይኔ፣ ትርሲት ትናንት ጭንቅላቷን አስቀልላ መጣች! አዲስ ሥራ የሚገባ ሁሉ ያስቀልላል። ልክ የሞላ ስልክ እንደ ማጽዳት ነው፤ የምታውቂውና የሚሰማሽ እንዳለ ይቀራል፣ ከየት እንደመጣ የሚናገረው ትዝታ ብቻ ተራግፎ ይጣላል። ጭንቅላትሽ ይፈጥናል አሉ። ታናሿ ፌቨን ግን ልትሞት ነው፤ እህቷ ከመጣች ጀምሮ ዘግታታለች፣ ለምን እንደሆነ ደግሞ ፌቨንም አታውቅም!

«ትርሲቴ በናትሽ፣ ምን አጠፋሁ?» አለቻት ቁርስ ላይ።

«እኔንጃ። ብቻ አኩርፌሻለሁ።»

«ታዲያ ምኑን ይቅርታ ልጠይቅሽ? ድንጋይ ልሸከም?»

«ተሸከሚያ! ጥፋትሽን እየተናገርሽ ግን።»

ፌቨን ድንጋይ ብታጣ ሙቀጫውን ትከሻዋ ላይ አውጥታ ተንበረከከች።

«የሮዝ ቀለም ጫማሽን ተረከዝ ስለሰበርኩ...»

«አንቺ ነሽ እንዴ?!»

«ለጎረቤታችን ለናሆም ደግሞ ‹ትርሲት ወዳሃለች› ስላልኩት...»

«ምን አልሽ አንቺ ቀበጥ?!»

ትርሲት በሳቅ ፈረሰች። ሙቀጫውን አወረደችላትና ጉንጯን ሳመቻት።

«ታረቅን አይደል?» አለች ፌቨን እየዘለለች።

«የጫማውንም የናሆምንም ይቅር ብዬሻለሁ» አለች ትርሲት። ሳቋ ከፊቷ ሳይጠፋ ወንበሯን ከፌቨን ራቅ አድርጋ ተቀመጠች። «የመጀመሪያው ኩርፊያ ግን አሁንም አለ፣ የኔ ቆንጆ።»