የካሴቷ መቆለፊያ

አለቃዋ ይርዳው በሰው ሥራ ላይ ስሙን መለጠፍ ይችልበታል። የመሥሪያ ቤቱ የዩኒክስ ኮምፒውተር መረጃ ለመጠባበቂያ በየቀኑ በቴፕ ካሴት ላይ እንዲገለበጥ ያደረገችው እሷ፣ የተሸለመው ግን እሱ። ስታጉረመርም ጊዜ «ካሴት መቀየር ምን እውቀት ይጠይቃል?» ብሎ መዝገብ ቤት ወረወራት።

ኅዳር ላይ ከኮምፒውተር ክፍሉ ለቃ በወጣችበት ቀን የካሴቷን ትንሽ መቆለፊያ በጥፍሯ ገፋ አደረገቻት። የተቆለፈ ካሴት ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም።

ይርዳው ስድስት ወር ሙሉ ማሽኑ የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ አንድም ቀን ሳያነብ የመገልበጫ ትእዛዙን እየመታ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ዛሬ የማሽኑ ዲስክ ተቃጠለ። ከዋናው መሥሪያ ቤት መርማሪ መጣ፤ እሷም ተጠራች።

ካሴቷን በሌላ ማሽን አስነበበችና «ያለው እስከ ኅዳር ድረስ ብቻ ነው» አለች።

መርማሪው ካሴቷን አውጥቶ አገላበጣት። «ተቆልፋለች እኮ! ማን ነው የቆለፋት?»

«ማንም ይሁን ማን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው» አለች ረጋ ብላ። «ባትቆለፍ ኖሮ ዲስኩ ሲበላሽ ብልሹ መረጃ በላይዋ ተጽፎ የኅዳሩም አብሮ ይጠፋ ነበር።»

«እኔ ነኝ!» አለ ይርዳው ደረቱን ነፍቶ። «በገዛ እጄ ነው የቆለፍኳት።»

መርማሪው እስክሪብቶውን አወጣ። «እንግዲያው ከኅዳር ወዲህ ያለው የስድስት ወር መረጃ እንዳይቀመጥ ያደረጉት እርስዎ ነዎት» ብሎ ጻፈ።

እሷ ወረቀቱን ወደ ይርዳው ገፋ አደረገችለት። «ስምዎን እዚህ ጋ፣ አቶ ይርዳው።»