ጭስ የጠፋ ዕለት

ድንኳኑ ገና ግማሹ እንደቆመ፣ ሟቹ የቡና ቅርጫቱን ታቅፎ በጓሮ በኩል ከች ይላል።

ካስማ የሚመታው ሰው መዶሻው ከእጁ ያመልጠዋል። ሴቶቹ የጀመሩትን ለቅሶ የት ላይ እንደሚያቆሙት ይጨንቃቸዋል፤ አንዷማ ድንገት ማቆሙ አሳፍሯት ትንሽ ትጨምርበታለች። ጋሽ ይትባረክ ግቢውን የሞላውን ሰው አንድ በአንድ ያያል። የድሮው የላይ ሰፈር ሰው፣ ያ ሁሉ ጥሎት የወረደው፣ ተሰብስቧል።

“ማን ሞቶብኝ ነው?” ይላል።

“አንተው ነሃ፣ ጋሼ!” ትላለች የድሮ የአጥር ጎረቤቱ ንጋቷ፣ ያዘቀዘቀችውን ነጠላ እያስተካከለች። “ጭስህን ብናጣው ጊዜ!”

ወደ ሚዛን ከተማ የሚወስደው መንገድ አስፋልት የሆነ ጊዜ፣ ሰፈርተኛው ቆርቆሮውን እየነቀለ መንገድ ዳር ወረደ። ጸሎት ቤቱ እንኳ ከነአግዳሚው በሰው ትከሻ ወርዷል። ኮረብታው ላይ የቀረው ጋሽ ይትባረክ ብቻ ነው። ታች ያሉት ጠዋት ጠዋት አንጋጠው የቤቱን ጭስ ያያሉ፤ “ደህና አድሯል” ይባባሉና ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። በነሱ ቤት ጠየቁት ማለት ነው። ዛሬ ጭሱ ሲጠፋ እድሩ ዕቃውን ተሸክሞ ወጣ። እንደደረሱም በሩን አንተ ክፈት፣ የለም አንተ ክፈት ሲባባሉ ድንኳኑ ቀደመ።

“እሳቴ ሌሊት ጠፋብኝ። ክብሪቱን ደግሞ ጣሪያው አፍስሶ አበሰበሰው። በባዶ ሆዴ ቡና ለቀማ ሄድኩ” ይላል ጋሽ ይትባረክ።

“ታዲያ ከጎረቤት...” ብላ ንጋቷ ትውጠዋለች። ፍም የሚጭርባት ጎረቤት እሷ ነበረች። ምድጃዋ የነበረበት ቦታ አሁን ኮረሪማ በቅሎበታል።

የለቅሶው ንፍሮ ይቀርባል፤ መቼም ተሸክመውት አይመለሱ። ጋሽ ይትባረክ በራሱ ለቅሶ ላይ ንፍሮ ይቆረጥምና “ጨው አንሶታል” ይላል። ሳቅ ነው። ከዚያ ሰዉ ተነስቶ ይዞራል። “የኛ በር በዚህ ነበር።” “ምን በዚህ! በዚህማ የኛ በሬ ነበር የሚታሰረው።” የማን ጎጆ ቀድሞ እንደቆመ ይከራከሩና ወደ እሱ ይዞራሉ። ሌላ ማን ያውቃል? ከማጂ መጥቶ ይህን ጫካ መጀመሪያ የመነጠረው እሱ ነው። “ኑ፣ አፈሩ ደግ ነው” ብሎ የጠራቸውም እሱ። ሲወርዱ ግን “ተነስ፣ አብረን እንውረድ” ያለው የለም። እምቢ ይላል ብለው ነው። እሱ ደግሞ እስኪጠይቁት እየጠበቀ፣ የመጨረሻው ቆርቆሮ ወረደ።

ሰማዩ በቴፒ ከተማ በኩል ይጠቁራል። ታፈሰ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ሸራውን ማጠፍ ይጀምራል።

“ከመጣችሁ አይቀር እደሩ እንጂ” ይላል ጋሽ ይትባረክ። እንደዋዛ ነው የሚያወጣው፤ እጁ ግን የቅርጫቱን ጠርዝ ጨምድዷል። “ቤቱ ባይበቃ ድንኳን ይዛችኋል።”

“ውይ ጋሼ፣ ቡናችን እንደተሰጣ ነው። ዝናቡ ሊቀድመን ነው” ይላል ታፈሰ።

ማንም ክፉ አይናገርም። ሁሉም ይስሙታል፤ ከሞት እንደተመለሰ ሰው አንገቱን አቅፈው፣ እየደጋገሙ። ንጋቷ ምድጃውን ታነድና አንድ ፓኮ ክብሪት በላስቲክ ጠቅልላ ትሰጠዋለች። “ጠዋት አንድድ እሺ? እኛ እናይሃለን።”

አንድ በአንድ ተከታትለው በቀጭኗ መንገድ ይወርዳሉ። ቡናው መሐል ሲገቡ መጀመሪያ እግራቸው፣ ቀጥሎ ወገባቸው ይሰወራል፤ በመጨረሻ የተሸከሙት የድንኳን ቋሚ ብቻ ይታያል። ጋሽ ይትባረክ በሩ ላይ ቆሟል።

ታፈሰ መንገዱን ሳያቆም ከታች ይጣራል። “ጋሼ! አንተስ መቼ ነው ወደኛ የምትወርደው?”

“መጀመሪያ አንዳችሁ ሙቱና እናያለን።”