ሃያ ሚሊሜትር

መሪው ተጠምዝዞ ሳያልቅ ያ ድምፅ እንደገና መጣ። ቅርርርጥ! የፊት ጎማው ከላዩ የሚሸፍነውን የፓራፋንጎውን ጠርዝ ፋቀው።

«ተዪው! በቃ፣ ቀጥ አድርጊው!» አለ መካኒኩ ሚሊሜትር፣ ከመኪናዋ ጎን እንደተንበረከከ። መሪውን የያዘችው ሚስቱ ነበረች፤ የጋራዡን የዕቃ ክፍል የምታስተዳድረውም እሷ ናት። መሪውን መለሰችው።

ሲገጥም ሲያወልቅ ይሄ ሦስተኛው ነው። መኪናዋ ሁለት በር ያላት፣ ከመሬት የተጣበቀች ቀይ የስፖርት መኪና ናት። ጎማው የሚታሰርበት አዲሱ ቸርኬ ስፋቱ ያው፣ ቁመቱ ያው፣ የብሎኑ ቀዳዳ ያው። ጎማው ግን እንዳኮረፈ ሰው ከንፈር ወደ ውጭ ተገፍቶ ወጥቷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው «ሚሊሜትር» ሲለው የኖረው እንዲያው አልነበረም፤ ሳይለካ አንዲት ብሎን አያጠብቅም። ዛሬ ልኩ አልገጥም ብሎት ደሙ ፈልቷል።

«ጋሼ፣ ምን ተገኘ?» አለች የመኪናዋ ባለቤት። የጥርስ ሐኪም ናት። መኪናዋን የሰጧት አባቷ ዛሬ ሰባ ዓመት ይሞላቸዋል፤ በአዲስ ቸርኬ አስጊጣ ደጃቸው ድረስ ልትወስድላቸው ነው ጥድፊያዋ።

«ሻጩ ነው የተጫወተብን፣ ዶክተር። ቁጥሩ አንድ፣ ሥራው ሌላ!» ጠዋት ሻጩ ላይ በስልክ የስድብ መዓት አውርዷል።

ቁጥሩ የሚለው ኦፍሴቱን ነው፤ ቸርኬው ስንት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ እንደሚገባ የሚናገረው፣ ባነሰ ቁጥር ጎማው ወደ ውጭ የሚወጣበት፣ ከጀርባው ጎልቶ የተቀረጸው ቁጥር። የድሮውን ቸርኬ ገልብጦ አይቶ «ሠላሳ ስምንት» ብሎ ያዘዘው ራሱ ነው። የመጣውም ሠላሳ ስምንት ነው። ታዲያ ምን ቀረ?

«እንግዲያው ችግሩ ከመኪናዋ ነው» አለ። «የሆነ ጊዜ ተጋጭታ ተጣማለች።»

«አባዬ እኮ ጭረት እንኳ አላስነካትም፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ ጠርዙን ቀነስ እናደርገዋለን፣ አለቀ!» ብድግ ብሎ ግራይንደሩን አነሳ።

ሐኪሟ ክው አለች። «ሊቆርጡት ነው?»

«ከጣት አይበልጥም። ማንም ልብ አይለውም።»

ሚስቱ ከመኪናዋ ወርዳ፣ በቀስታ ተራምዳ፣ የግራይንደሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«የድሮውን ቁጥር አንዴ አንብብልኝ። ከዚያ እንደፈለግህ ቁረጥ።»

በደንበኛ ፊት! ጆሮው ድረስ ጋለ። ጥርሱን ነክሶ የድሮውን ቸርኬ በፊቱ ደፋና ጎንበስ አለ። ራቅ አለ። ቀረብ አለ። ቸርኬውን እየጎተተ ወደ በሩ ብርሃን አዞረው።

«ሠላሳ ስምንት! ስንቴ ልንገርሽ?»

በትከሻው ላይ አሻግራ ቁጥሩን አየችው። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞራ፣ «ዶክተር፣ እዚያ ቢሮ ውስጥ ወንበር አለ፤ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አለቻት።

ሐኪሟ ስትርቅ፣ ግራሶ የጠገበ አውራ ጣቱን ይዛ ቁጥሩ ላይ አሳረፈችው። «ዓይንህን ተወው። በጣትህ እየው።»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ጣቱ ግን ቀድሞ አወቀ። የመጀመሪያው ቁጥር አናቱ ክብ አይደለም፤ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ጥግ አለው። ክብ የሚሆነው ወደ ታች ሲወርድ ነው። ደግሞ ዳሰሰው፣ ሌላ ነገር እንዲሆንለት። አልሆነም። አምስት ነው። ሃምሳ ስምንት።

ሃያ ሚሊሜትር። ጎማው ወደ ውጭ የተገፋው ልክ ያንኑ ያህል ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

በዚህ ዓይን ስንት ቁጥር እንዳነበበ፣ የስንት ሰው ፍሬን እንደገጠመ ማሰብ ጀመረ። «ከክረምቱ በፊት» አለ።

«ለኔ እንኳ ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ እውነት ሊሆን ነዋ።»

እጁን በጨርቅ ጠራርጎ ወደ ቢሮው ሄደ። ቁጭ ሳይል፣ «ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ቁጥሩን አሳስቼ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ያንን ሰውዬም ያለ ኃጢአቱ ሰድቤዋለሁ። ዛሬ በድሮው ይሂዱ፤ ትክክለኛውን እኔው አስመጣለሁ።»

ሐኪሟ በመስኮቱ ወደ መኪናዋ አየች። ቅሬታዋ ፊቷ ላይ ነበር፤ ቢሆንም፣ «አልቆረጡትም አይደል?» ብቻ አለች።

«አልቆረጥኩትም።»

«ተመስገን። አባዬ በለመዳት መልኳ ያያታላ።»

ሚሊሜትር የድሮዎቹን ጎማዎች አንድ በአንድ መለሳቸው። ብሎኖቹን በልክ የሚያጠብቀውን ቁልፍ አነሳ፤ እጀታውን እያዞረ በላዩ ላይ ያሉትን ደቃቅ ቁጥሮች አንድ ቦታ አቆመ። ሊጀምር ሲል ተወው። ቀና ሳይል ቁልፉን ወደ ሚስቱ ዘረጋው።

እሷም ከጎኑ ቁጢጥ አለች፤ ቁጥሩን አየችና እጀታውን በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ ወደ ኋላ አዞረችው።