የጀልባ መጠበቂያ ሰዓት

ክሪሳንቶ አቤላና ሴቡ ወደብ አጠገብ ባለ የዕቃ አመላላሽ ድርጅት ውስጥ አለቃ ነው። ሥራው አንድ ጥቅል ከላኪው እጅ ወጥቶ ተቀባዩ ደጃፍ እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜ ማስላት ነው። ደንበኛው ስልኩን ከፍቶ "ሐሙስ ይደርሳል" የሚል ካነበበ፣ ያ ሐሙስ የመጣው ከክሪሳንቶ ሰንጠረዥ ነው።

ሰንጠረዡ የመኪናውን መንገድ ይቆጥራል፣ ባሕሩን ይቆጥራል፣ እሑድን ይዘላል። ማዕበል ተነሥቶ ጀልባ ስትታገድ የሚባክነው ሰዓት ግን የለበትም። ክሪሳንቶ ከሌሎቹ ድርጅቶች ፈጥኖ ለመታየት ሆን ብሎ ሰርዞታል። ከዚያ ወዲህ ሰንጠረዡን ዞር ብሎ አላየውም።

ያንን ሰዓት በፍጥነት የሚያካክሱት ዕቃውን ደጃፍ የሚያደርሱት ሞተረኞች ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ኤሊሴዮ፣ ቦሆል ደሴት ላይ በዝናብ ሲያካክስ ከነሞተሩ ገደል ገባ።

ክሪሳንቶ ለቀብር መጥቶ የሟቹን ሚስት ኔኒታን "አይዞሽ" አላት። ቀጥሎም "ምናለ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢነሣ" አለ።

ኔኒታ ጀርባዋን ሰጠችው። ድርጅቱ ለማጽናኛ ብሎ ሥራ ሲሰጣት ግን እሺ አለች። ሰንጠረዡ ላይ ቁጥር እንድታስገባ ከክሪሳንቶ ፊት ለፊት አስቀመጧት።

ሥራውን እስክትለምድ አንገቷን ደፍታ ቆየች፤ ሰዓቱ የተሰረዘበትንም ቦታ አገኘች። ዝናቡ ሲገባ የተሰረዘውን ሰዓት መለሰችው። በላዩም ጨመረችበት። ወደ ደሴቶቹ የሚሄደው ዕቃ ሁሉ የመድረሻ ቀኑ በእጥፍ ራቀ።

አጠገቧ የምትሠራው ማሪቪክ ስክሪኑን አይታ ደነገጠች። "አብደሻል? ይሄን ያየ ደንበኛ ጥሎን ነው የሚሄደው!"

"ይሂድ።" ኔኒታ በኮኮናት ቅጠል የተጠቀለለ ሩዟን ትፈታ ነበር።

"አለቃን ያባርሩታል እኮ!"

"ልጆቼ ያለ አባት መኖር ለምደዋል። እሱም ያለ ወንበር ይልመዳ!"

ብዙም ሳይቆይ የቅሬታ ስልኮቹ ጸጥ አሉ። ቀኑን ሙሉ በስድብ የሚጮኹት ስልኮች ጭራሽ መጥራት ተዉ።

"ደንበኛ አለቀልን" አለች ማሪቪክ።

ኔኒታ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ክሪሳንቶ ስልኩን አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገ። "ተበላሽቷል እንዴ?" አለ።

በማግስቱ የድርጅቱ ባለቤት ከማኒላ መጡና ክሪሳንቶን ፎቅ ላይ አስጠሩት። ሸሚዙን እየከተተ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ደረጃውን ወጣ።

ኔኒታ ባዶ ካርቶን አመጣች። የሚስቱን ፎቶ፣ ኩባያውን፣ የወንበሩን ትራስ ከተተችበት። በፕላስተር አሸገችው። አድራሻ መጻፊያውን ባዶ ትታ፣ እስክሪብቶ ይዛ ደረጃው ሥር ጠበቀችው።

ክሪሳንቶ ሲወርድ ካርቶኑን አየና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ኔኒታዬ፣ ማን ነገረሽ? ማኒላ ብለሽ ጻፊበት። ሐሙስ ያልነው ማክሰኞ እየደረሰ ደንበኛው ሁሉ መረቀን፤ የቅርንጫፎቹ ሁሉ የበላይ አድርገው ሾሙኝ!"