የአሥረኛው መጽሐፍ መጨረሻ

ቆሎ ሻጯ ለቤተ መጻሕፍቱ የክረምት የንባብ ውድድር ስትመዘገብ ባሏ ሳቀባት። «አንቺ? ስለ ባሕር አሥር መጽሐፍ አንብበሽ ከተረክሽ፣ መስከረምን ሙሉ ቆሎውን የምቆላው እኔ ነኝ!»

እልኸኛ ናት። እሱን ጉሊቱ ላይ አስቀምጣ ዘጠኙን አነበበች፤ ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እየተረከችም ዘጠኝ ማኅተም አስመታች። የአሥረኛው ግን የመጨረሻው ገጽ ተገንጥሎ ስለነበር መርከበኛው ማዕበል መሃል ቀረባት።

«ታዲያ መርከበኛው ምን ሆነ፣ እትዬ?» አላት ሠራተኛው።

«ምን ይሆናል? እናቱ ደጅ ቆማ እየጠበቀችው ይሞታል እንዴ! ዋኝቶ ወጣ፤ ትኩስ ገንፎም በላ» አለች ፈርጠም ብላ።

ሠራተኛው እየሳቀ አሥረኛውን ማኅተም መታላት። ከዚያ ከኪሱ የወረቀት ጥቅልል አውጥቶ የቀረችዋን ቆሎ አፉ ውስጥ ገለበጠና ወረቀቱን ዘርግቶ ሰጣት።

«እዚህ ላይ እንኳ ሰምጧል፤ የእርስዎ ይሻላል። ባለቤትዎ ትናንት ቆሎ የሸጡልኝ በዚህ ጠቅልለው ነው።»