ወንበሩ ግን ብረት ነው

እንቁላሉን ፊታቸው ሳስቀምጥ ጋሽ ዑቅባማርያም ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቁርስ የምትሠራው?» ይሉኛል። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ በጠዋት ተነሳሁ እላለሁ። ይህ እንኳን እውነት ነው።

ልጃቸው ዮሳን ሞቷል። ጁባ ውስጥ ውሃ የሚያመላልስበት ቦቴ ተገልብጦ። እሳቸው አያውቁም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ቤት ድረስ መምጣት አለበት። ታናሽ እህታቸው እትዬ ሃረጉ ትናንት ማታ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከሳውዝ ሲ ሰፈር ደውለውልኝ፣ ሰዎቹን ይዘው እስኪመጡ ወንድማቸው ከቤት እንዳይወጡ፣ የሆነ ነገርም እንዲቀምሱ አደራ አሉኝ። ከዚያ በኋላ እህል በአፉ አይዞርም አሉ።

አደራው የተጣለው እኔ ላይ ነው፤ የዮሳን አብሮ አደግ ነኝ፣ ጁባ ከሄደ ወዲህም ክፍሉን ተከራይቼ እኖራለሁ። የሽማግሌውን ስልክ ማታውኑ አጥፍቼ ተበላሽቷል ብያቸዋለሁ። ከጎረቤታችን ከላሚያ የተዋስኳቸውን የፕላስቲክ ወንበሮች በር ኋላ ደርድሬ፣ ለልጇ ልደት ነው፣ ቦታ ጠቧት እኛ ጋ አስቀምጣ ነው ብያለሁ። እንዳይወጡም የሚወዱትን የድሮ ሬስሊንግ አውርጄ ከፍቼላቸዋለሁ።

ሬስሊንግ የጀመራቸው በደርግ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠሩ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ዛሬም እዚህ ሰው አገር፣ ካሳራኒ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ማን ማንን እንደከዳ፣ ቀበቶው ከማን ወገብ ወደ ማን እንደዞረ፣ ወንድማማች ከተባሉት የትኞቹ በእናትም በአባትም እንደማይገናኙ ይተርካሉ። ውሸት ነው የሚላቸውን ሰው አይቆጡም። ልጆች ሳለን አንድ የክፍል ጓደኛችን ሁሉም አስቀድሞ የተጻፈ ነው ብሎን፣ ዮሳን እዚሁ ሶፋ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። አባቱ ጸጉሩን እያሻሹ፣ አዎ ሰውየው ከኋላው በወንበር ሊመቱት እንደሚመጡ ያውቃል አሉት። ስቴዲየሙ ሙሉ «ዙር! ዙር!» እያለ ሲጮህለት ያልሰማ መስሎ ጀርባውን አመቻችቶ ይቆማል። ትልቁ ሙያ እሱ ነው።

«ወንበሩ ግን ብረት ነው» አሉት።

አሁን ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ግዙፍ ተፋላሚ የሬሳ ሣጥን ውስጥ ተጥሎ ክዳኑ ሲዘጋበት አያለሁ። ሳወርደው ይህን ሣጥን እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ሪሞቱን አነሳለሁ። ተወው ይሉኛል።

«ይመለሳል እኮ። መብራቱ ይጠፋል፣ የሱ ሙዚቃ ይሰማል፣ ሰው ያብዳል። ስንቱን ቀበሩት፣ አቃጠሉት። ሞቶ የቀረ ግን አላየሁም፣ ባንታየሁ።»

ሪሞቱን መልሼ አስቀምጣለሁ። እንቁላሉን በዳቦ ይጠቀልላሉ።

ቀጥሎ ለጋ ተፋላሚ ይመጣል። ከግጥሚያው በፊት የልጅነቱን ፎቶ ያሳያሉ፤ እናቱ ስለ ደግነቱ ትናገራለች። ጋሽ ዑቅባማርያም ጉርሻውን እንደያዙ ወደ ቴሌቪዥኑ ይጠቁማሉ። ይሄ ይሸነፋል ይላሉ፤ እንዲህ ሲያሞግሱት አለቀለት ማለት ነው፣ ሲወድቅ እንዲያምህ አስቀድመው ያስወድዱሃል። ይህን ከእሳቸው አንድ ሺህ ጊዜ ሰምቻለሁ። በዚህ እየተወራረዱ ነው ዮሳንን ያሳደጉት።

ዛሬ ግን እጃቸው አየር ላይ ይቀራል።

«ማታ» ይላሉ ቀስ ብለው፣ «ዮሳን ከትምህርቱ ቀርቶ እናቱን ያስታመመበትን ጊዜ አነሳህልኝ።»

«እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው ጋሼ።»

«ደግ ልጅ ነው አልክ።»

«ነው እኮ።»

ሳህኑን ያያሉ። መደርደሪያው ላይ የተቀመጠውን፣ ተበላሽቷል ያልኳቸውን ስልክ ያያሉ። ከዚያ ወንበሮቹን፣ ከላይ እስከ ታች።

«የላሚያ ልጅ ልደት መቼ ነው ያልከኝ?»

«ነገ።»

«ደህና።»

ጥያቄውን እጠብቃለሁ። ከጠየቁኝ የምዋሽበት አፍ የለኝም። አይጠይቁም። ለብዙ ቤት መርዶ ይዘው የሄዱ ሰው ናቸው፤ ለምን እንቁላል እንደሠራሁ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ሳህኑን ወደ ራሳቸው ይስባሉ፣ የቀረውንም አንድ በአንድ፣ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ውሃ እያስከተሉ ይጨርሱታል። ፍርፋሪ እንኳ አይተዉም።

ታች መኪና ይቆማል። የግቢው አስካሪ፣ ዘበኛው፣ የብረቱን በር ሲከፍት ይሰማል። ከዚያ የብዙ ሰው እግር ደረጃውን ይወጣል፤ አንድም የሚያወራ የለም።

«ማነው የሚናገረው?» ይላሉ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። «እትዬ ሃረጉ» እላለሁ።

«አትችልም እሷ። ገና ሳትጀምር ታለቅሳለች።» ከንፈራቸውን በእጃቸው ጀርባ ይጠርጋሉ። «እንዳወቅኩ እንዳትነግራቸው። እንዴት እንደሚያረዱኝ ሌሊቱን ሲመካከሩ ነው ያደሩት። ይናገሩ።»

ሪሞቱን ወስደው ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። ለጋው ተፋላሚ ወድቋል፤ ዳኛው ወለሉን እየመታ ይቆጥራል። ጋሽ ዑቅባማርያም ከሶፋው ተነስተው የጋቢያቸውን ጫፍ ያስተካክላሉ፣ ወደ ቴሌቪዥኑም ይጠጋሉ።

በሩ ይንኳኳል።

«ማነው ደግሞ በዚህ ጠዋት?» ይላሉ ጮክ ብለው፣ ለደጁ እንዲሰማ። ድምፃቸው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይሰበራል።

እጄን መዝጊያው ላይ አድርጌ ዞር እላለሁ። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ እግራቸውን ከፈት፣ ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው ቆመዋል።