የአዛናው በቅሎ

የባሏ የአዛናው ተዝካር በወጣ ማግስት በቅሎውን ጭና፣ ቱሪስቶች ይዛ ወደ ስሜን ተራራ ወጣች። "ሴት ጭነት አትነዳም" ያሏትን ወንዶች "ባሌ የነዳውን እኔ ምን አነሰኝ? እናንተ ቤት ጠብቁ!" ብላ አለፈቻቸው። ጥቁር ልብስ እንግዶችን ያስከፋል ስለተባለች ከሏን አውልቃለች። ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ ሲሰነብቱ፣ አዛናው እንዴት ያለ ታማኝ ባል እንደነበር ለአስጎብኚው ስታወራ አልደከማትም።

ሸለቆው ውስጥ ሲደርሱ በቅሎዋ መንገዱን ትታ ወደ አንድ ጎጆ ታጠፈች። ቢጎትቷት እምቢ፣ ቢመቷት እምቢ። በቅሎ ይሉኝታ የላት፤ ገብስ የበላችበትን ደጅ አትረሳም።

ከጎጆው ሆዷ የገፋ ልጅ እግር ሴት ወጣች። ማንም ሳይጠይቃት ጭነቱን መፍታት ጀመረች።

"እትዬ፣ የአዛናው ዘመድ ነዎት? ምነው እሱ ቀረሳ? ባሌን በዓይኔ ስፈልግ ከረምኩ እኮ!"

ሚስቲቱ የሴትዮዋን ሆድ አየች። የተፈታውን ጭነት መልሳ አጠበቀች።

"እህቱ ነኝ። ከኋላ እየመጣ ነው፤ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ አሙቂለት" አለቻትና በቅሎዋን እየጎተተች ሄደች።